«ክሣ ኘድ»

ከአንዲት እናት የደረሰኝ የምክር መጠየቂያ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ነው። ዋና ዋናውን አሳጥሬ ላቅርበው።

«የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ከጣና ብዙም አንርቅም። የ10 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ልጆች አሉኝ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር እኛ ጋ መኖር ከጀመረ ሰባት ወር ሆነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ልጆቼን ስለላ አስተማረብኝ። በሎሚ ጭማቂ ያጽፋቸዋል። ወረቀቱ ባዶ ይመስላል፤ ካውያ ሲያሳርፉበት ጽሑፉ ይወጣል። ፊደሉን አንድ አንድ እያሳለፉ ሰው የማያነበው ነገር ይጽፋሉ። ወረቀቱን ጓሮ ካለው ማንጎ ሥር፣ ድንጋይ ስር ያኖሩና በሩ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። ልጄን ‹እራት ቀርቧል በይና አባትሽን ጥሪው› ስላት እንኳ በአፏ አትናገርም፤ ጽፋ በበሩ ሥር ታስገባለታለች። ድሮ ሁሉን የምትነግረኝ ልጅ ዛሬ ‹አባትሽ ማታ በስልክ ከማን ጋር ነበር?› ስላት ‹ሚስጥር ነው› ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ነጠላዬ ጫፍ ላይ የተቋጠረ ወረቀት አገኘሁ። ‹ክሣ ኘድ› ይላል። ምን ማለት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቀድጄ ጣልኩት። ልጆቼ ውሸታም ሆነው እንዳያድጉ ፈራሁ። አጎታቸውን እንዴት ላስቁመው? ይህን መጻፌን ባለቤቴ ባያውቅ ደስ ይለኛል።»

እህቴ፣ ከፍርሃትሽ ልጀምር። በእኛ ከተማ «ስለላ» የሚለው ቃል ዛሬ ቀላል ቃል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በግጭቱ ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጅ ኪሱ ውስጥ የማይነበብ ጽሑፍ ይዞ ከቤት ሲወጣ እናት ብትደነግጥ እውነት አላት። ስለዚህ ይህን ያለ ክርክር እቀበላለሁ፦ ወረቀቶቹ ከግቢ አይውጡ። የጨዋታውም ስም ይቀየር። «መልእክተኛ» ይበሉት። ለአጎታቸው በእርጋታ ብትነግሪው የሚገባው ይመስለኛል።

ሌላም ነገር አለ። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ሚስጥር ሲይዝ ወላጅ መጠየቅ አለበት፤ መጠየቅሽ ትክክል ነው። ልጆችሽ አንድ ሕግ በደንብ ይወቁ። ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ገላቸውን የሚነካ ወይም የሚያስፈራቸው ነገር አድርጎ «ለእማዬ እንዳትነግሩ» ካለ ያ ጨዋታ አይደለም። ወዲያው ይነገራል፤ በመናገራቸውም ማንም አይቆጣቸውም። በደብዳቤሽ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም። ሎሚውን፣ ካውያውን፣ ማንጎውን፣ ጠመኔውን ሁሉ የዘረዘርሽልኝ አንቺው ነሽ። ከእናት የተሸሸገ ነገር ቢሆን ይህን ያህል አታውቂውም ነበር።

ውሸታም ይሆናሉ የሚለው አያሰጋኝም። ውሸታም እውነቱን ይለውጠዋል። በሚስጥር ፊደል የሚጽፍ ልጅ ግን እውነቱን ነው የሚጽፈው፤ ማን እንደሚያነበው ብቻ ይመርጣል። ልጅ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው «እኔ የማውቀውን ሌላው ላያውቀው ይችላል» የሚለው ነገር ይገባዋል። ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ ሕግ ያለው ጨዋታና የራሱ ቋንቋ ያምረዋል። እኛስ በወፍ ቋንቋ አይደል ያደግነው? ፊደል ማሳለፉም የቆየ ዘዴ ነው። የሮማው ጁሊየስ ቄሳር ሚስጥሩን የሚጽፈው ሦስት ሦስት ፊደል እያሳለፈ ነበር። በእኛ ፊደል ሲሆን ያምራል፦ ሀ ለ ይሆናል፣ ለ ሐ፣ ሐ መ፤ ካዕቡ ካዕብ፣ ሣልሱ ሣልስ እንደሆነ ይቀጥላል። የሰባት ዓመት ልጅ ይህን የሚሠራው የፊደል ገበታውን አጥርቶ ሲያውቅ ነው። እንዲያውም ደስ ሊልሽ ይገባል።

አሁን ወዳልጻፍሽው ነገር ልምጣ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ አራት ቦታ ይነሳል። አንድ ቦታ እንኳ «አልኩት» ወይም «አለኝ» የሚል ቃል የለም። እራት ሲቀርብ የምትላከው ልጅቱ ናት። ማታ ከማን ጋር እንዳወራ የምትጠየቀውም እሷ ናት። ከማዕድ ቤት እስከ እሱ ክፍል ስንት እርምጃ ነው? አንቺ ለምን አትጠሪውም?

ልጆችሽ መልእክት ማመላለስን ከአጎታቸው የተማሩ አይመስለኝም። ከእናንተ ነው የተማሩት። «አባትሽን ጥሪው» ብለሻል። ምናልባት እሱም «ለእናትሽ ንገሪያት» ይላል። አጎታቸው ከመጣ ሰባት ወሩ ነው፤ ዝምታው ግን ከእሱ የሚቀድም ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በይኝ። ያልተሳሳትኩ እንደሆነ ግን በቤታችሁ ሁለት ዓይነት የመልእክት መንገድ አለ። አንዱ የእናንተ ነው፤ ይከብዳል። ሌላው የልጆቹ ነው፤ እነሱ የሚቀልዱበት፣ ሕጉን ራሳቸው የሚያወጡበት። አንቺ እንዲቆም የፈለግሽው ሁለተኛውን ነው።

በወላጆች መካከል የምትላክ ልጅ ቃሉን ብቻ አይደለም የምትሸከመው፤ ድምፁንም ፊቱንም ትሸከማለች። ወደ እኔ የሚመጡ ልጆች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። «ከፈለገ ይብላ፣ ካልፈለገ ይተወው» ተብላ የተላከች ልጅ መንገድ ላይ ታስተካክለዋለች። ክፍሉ ጋ ስትደርስ «እማዬ እራት ቀርቧል ብላሃለች» ትላለች። ስትመለስም እንደዚያው። የአሥር ዓመት ልጅ የሁለት ትልልቅ ሰዎችን ቁጣ አጣርታ ታቀብላለች። ይህን ሥራ ማንም አልሰጣትም፤ ማንም አያመሰግናትም። ካጠፋች ግን ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል።

ስለዚህ በበሩ ሥር የምትገባው ወረቀት ለእኔ የድፍረት ምልክት አይደለችም። ወረቀት ፊት የለውም። ወረቀት ስታስገባ በሩን ከፍታ የአባቷን ግንባር ማየት የለባትም። ተመልሳም «ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄሽ መልስ መፈለግ የለባትም። አጎቷ ጨዋታ አስተማራት። እሷ ደግሞ ለችግሯ መድኃኒት አደረገችው። ብልህ ልጅ አለችሽ።

«ሚስጥር ነው» ያለችሽም ለዚያ ነው። ቅር እንዳትሰኚብኝ፤ ግን ይህች ልጅ አባቷን እንድትሰልል የጠየቀቻት እናቷ ናት። አጎቷ የሰጣት ስለላ የውሸት ነው፤ አንቺ የሰጠሻት የእውነት ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ሳትከዳ የምትሰጠው መልስ የላትም። «ሚስጥር ነው» ብላ ከመሃላችሁ ወጣች። አንቺ የተዋሸሽ መስሎሽ አዘንሽ። እሷ ግን ያን ዕለት ትንሽ ዐርፋ ይሆናል።

ያቺ የቀደድሻት ወረቀትስ? ቁልፉን እዚያው ደብዳቤሽ ላይ ጽፈሽልኛል፦ «አንድ አንድ እያሳለፉ»። ወደ ኋላ አንድ አንድ መለስኩት። ክ እ ሆነ። ሣ ማ ሆነ። ኘ ነ ሆነ። ድ ይ ሆነ።

«እማ ነይ።»

ብዕሬን አስቀምጬ ቆየሁ። ነጠላ ጫፍ እናት ሳንቲም የምትቋጥርበት ቦታ ነው። ማንም ሚስጥር የሚደብቅ ልጅ እዚያ አይደብቅም። እዚያ የሚያስቀምጠው እንድታገኚው ነው።

ድብብቆሽ ትዝ ይልሻል? «አኩኩሉ!» ሲባል «አልነጋም!» ብለን የምንመልሰው? አስቢው፤ የተደበቀ ልጅ ለምን ይመልሳል? ድምፁ ቦታውን ያሳብቅበታል። ግን ዝም ካለ ፈላጊው ሊረሳው ይችላል። ደህና ቦታ አግኝቶ ብዙ የቆየ ልጅ፣ ፈላጊው ሲዘገይበት ከበሩ ጀርባ ሳል ሳል ይላል። ልጅ የሚደበቀው ለመጥፋት አይደለም፤ እንዲፈለግ ነው። እዚሁ ፊት ለፊታችን ያሉት የጣና ደሴቶችም እንዲሁ ናቸው። አባቶች እንደሚነግሩን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደዚያ ተወስደው ተሸሽገዋል። የሸሸጓቸው ሰዎች አንድ ቀን የሚመጣ ሰው እንዳለ አስበው ነው።

ልጅሽ «እማ ነይ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም። ምናልባት ጨዋታ ግቢ ማለቷ ብቻ ነው። ምናልባት ከዚያም በላይ ነው። እሷን ካልሆነ ማንንም አትጠይቂ።

ምን ላድርግ ካልሽኝ ጥቂት ነገር ልበል። አጎታቸውን አታስወጪው፤ ሚዛኑን ለማስተካከል እየሞከረ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዘው ከግቢ ከመውጣት በቀር ጨዋታውን አትከልክይ። ለልጅሽ ብቻዋን ስትሆን «ስለ አባትሽ ስጠይቅሽ አጥፍቻለሁ፤ ከእንግዲህ አልጠይቅሽም» በያት። ብዙ አታብራሪ። ከዚያ ከቻልሽ ትንሽ ወረቀት ላይ «ሠጫሉ» ብለሽ ጻፊና ማንጎው ሥር አኑሪላት። በሩ ላይ ጠመኔውን አትርሺ። እሷ ታነበዋለች።

የባለቤትሽ ነገር በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ከአማካሪ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ ቢቻል ሁለታችሁም። የንስሐ አባት ወይም የምታከብሩት ሽማግሌ ካላችሁ እነሱም በር ሊከፍቱ ይችላሉ። ብዙ ወር የቆየ ዝምታ በአንድ ቀን አይሰበርም፤ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ሰው ያናገርሽ ያህል ሊከብድሽ ይችላል። አንድ ነገር ግን ልለይ። ዝምታው ከፍርሃት የመጣ ከሆነ፣ እጁን የሚያነሳብሽ ከሆነ፣ ከታች የምልሽን ተዪው። መጀመሪያ ብቻሽን ወደ አማካሪ ነይ።

መጻፍሽን አልነግርበትም። ስምሽንም ሰፈርሽንም አልጠቀስኩም። አንቺ ግን ይህን ገጽ አንድ ቀን ብታሳዪው ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ባይሆንም።

ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ ልጆቹ ይቀመጡ። አንቺ ተነሺና በሩን አንኳኪ።