ጨው የበላው ግድግዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አልዩ አምባ የአያቴ ቤት አለ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፤ ክዳኑ ድሮ ሣር ነበር፣ አሁን ቆርቆሮ ነው። አጤ ምኒልክ አድረውበታል ይባላል። ወንድሞቼ ግን ሊያፈርሱት ነው። የጓዳው ግድግዳ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይረግፋል፤ ስንት ጊዜ ብናስለስነው አልያዘልንም። ቤቱ በቅርስነት ሊመዘገብ ይችላል? ቢመዘገብስ ይወሰድብናል?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እኅቴ፣ ከአጤ ምኒልክ ልጀምርና ቶሎ ልለፍ። ቅርስ መዝጋቢ ሆኜ ሰሜን ሸዋን ስዞር ንጉሡ አደሩባቸው የተባሉትን ቤቶች ሁሉ ብደምራቸው፣ ጃንሆይ አንድም ሌሊት በገዛ አልጋቸው አልተኙም ማለት ነው። ወሬው ከማን እንደተሰማ ተጠቅሶ ይጻፍ፤ ብቻውን ግን ቤት አያስመዘግብም።

እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሳኝ ወንድሞችዎ ለማፍረስ ሰበብ ያደረጉት ነጭ ዱቄት ነው። አልዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል፣ ከቆላ የመጣ ጭነት ዳገቱን ከመውጣቱ በፊት የሚራገፍባት የገበያ ከተማ ነበረች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840) ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚገናኘው እዚያ ነው። የአፋር ግመሎች ይዘው ከሚመጡት ዋናው ጨው ነበር፤ አሞሌ ደግሞ በዚያ ዘመን ገንዘብም ነው። ጓዳው የጨው ማከማቻ ከነበረ ነገሩ ግልጽ ነው። ጨው በክረምት እርጥበት ይስብና ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ በበጋ ውሃው ሲተን እዚያው ውስጥ ይጠጥራል፣ ሲጠጥርም ልስኑን ከጀርባው ገፍቶ ይጥለዋል።

ቸኩዬ ግን አልፈርድም፤ አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ። «የጨው መጋዘን» ብዬ በደስታ የመዘገብኩት ቤት የከብት በረት ሆኖ ተገኘ። የከብት ሽንትም ግድግዳ እንደ ጨው ይበላል። ስለዚህ ዱቄቱ የት የት እንዳለ ይዩ። በዳገቱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ ከመሬት የወጣ ውሃ ያመጣው ነው። በጓዳው ግድግዳዎች ሁሉ ላይ ሆኖ በአንድ ቁመት የሚቆም ከሆነ ግን የተደረደረ ነገር ነበረበት። በረት ከነበረ ወለሉ ላይ የፍሳሽ ቦይ አይጠፋም። ወደ ውጭ የሚያወጣና በኋላ የተደፈነ በርም ይፈልጉ፤ ነጋዴ ጭነቱን በእልፍኝ በኩል አያስገባም።

ከዚያ መሰላል ያስመጡ። ማገሩና ወራጁ በጥቀርሻ ጠቁረው ከሆነ ከሣር ክዳኑ ዘመን የተረፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንዲህ ከሆነ ቆርቆሮው አያሳስብዎት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ ካለም አይላጡት። ነገር ግን «አዲስ ዘመን» መታተም የጀመረው በ1933 ነው፤ ጋዜጣ የተለጠፈበትን ጊዜ እንጂ ቤቱ የተሠራበትን አይናገርም። በዚህ ስንት ሰው ተከራክሮኛል!

ይወሰድብናል ወይ ላሉት፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል። የሚመዝነውም ዕድሜን ብቻ ሳይሆን በታሪክ፣ በባህልና በእጅ ጥበብ ያለውን ዋጋ ነው። ሸክም ግን አለው፦ ከተመዘገበ በኋላ ያለ ፈቃድ ማፍረስም መጠገንም የለም፤ የጥገናው ወጪ የባለቤቱ ነው፣ ከአቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ ይችላል። ይህን ለወንድሞችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ቤቱ በ1967 ተወርሶ እንደሆነም ያጣሩ፤ ያኔ ባለቤቱ ሌላ ነው።

ጨው መሆኑ ከተረጋገጠ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ እኔ ብሆን ምኒልክን ትቼ ጓዳውን አስቀድም ነበር። እስከዚያው ሲሚንቶ የያዘ ግንበኛ ወደዚያ ክፍል አይግባ፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ግድግዳውን ይባስ ያስበላዋል። ዱቄቱንም በውሃ አያጥቡ፣ በደረቅ መጥረጊያ ያራግፉትና ጥቂት በብልቃጥ ያስቀምጡ። ቀምሰው ግን አይፈትኑት። ያንን በረት እኔ ያወቅኩት እንደዚያ ነበር።