ለሙዚቃ ተማሪዎች፦ መጀመሪያ በእጃችሁ ገልብጡ

ውድ ልጆቼ፣

በየቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ የምትጫወቱና ዜማ መድረስ የጀመራችሁ ወጣቶች ዘወትር «የራሴን ሥራ መቼ ላውጣ?» ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን ሙዚቃ ሳስተምር ኖሬያለሁና፣ በመልሱ ፈንታ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን የተማሪነት ዘመን ላንሳላችሁ።

ባኽ እ.ኤ.አ. በ1685 ጀርመን አገር አይዘናኽ ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱንም አባቱንም አጣ። ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው፤ አስተማረውም።

ወንድምየው የታወቁ ደራስያን ሥራ የተጻፈበት ደብተር ነበረው። ትንሹ ባኽ ቢለምን ቢለምን አልሰጠውም። ባኽ ካረፈ በኋላ ልጁና ተማሪው የጻፉት የሕይወት ታሪክ እንደሚለው፣ የቁም ሳጥኑ በር ፍርግርግ ስለነበር ትንሹ ባኽ እጁን አሾልኮ ደብተሩን እየጠቀለለ ያወጣውና ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ይገለብጠው ነበር። ስድስት ወር ፈጀበት። በመጨረሻ ወንድሙ ደረሰበትና ግልባጩን ነጠቀው። ይህን የሚሰማ ሁሉ በነጠቃው ያዝናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ስድስቱ ወር ነው፤ ወረቀቱ ቢወሰድም በእጁ ያለፈውን ኖታ ማንም ሊወስድበት አይችልም።

ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1700፣ በ15 ዓመቱ፣ ሉነቡርግ በሚገኘው የቅዱስ ሚካኤል ትምህርት ቤት ለመዘምርነት ገባ። በዚያው ዓመት በእጁ የገለበጠው የሐምቡርጉ ኦርጋን ተጫዋች የራይንከን የኦርጋን ሥራ ዛሬም አለ፤ ከዚያ በፊት ከገለበጠው የሉቤኩ ኦርጋን ተጫዋች የቡክስተሁዴ ሥራ ጋር ቫይማር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆኗል። ሁለቱም ለእጅም ለእግርም ከባድ ናቸው።

ተማሪዎቼን አንድ ገጽ ኖታ በእርሳስ ገልብጡ የምላቸው ለዚህ ነው። ኖታው ስልካችሁ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ዓይን ግን ቶሎ ያልፈዋል፤ እጅ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ይጽፋል። አልቶውን (ከላይኛው ቀጥሎ ያለውን ድምፅ) ስትጽፉ ቤዙ (የታችኛው ድምፅ) ወርዶ አልቶው ባለበት ቆሞ ታገኙታላችሁ። ድምፆቹ ይጋጫሉ፤ ቀጥሎ አልቶው አንድ ደረጃ ዝቅ ይልና ግጭቱ ይፈታል። ያችን ቦታ በእጁ የጻፈ ሰው በራሱ ድርሰት ውስጥ መቼ እንደምታስፈልገው ያውቃል።

የእኛ ቆሎ ተማሪ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋስዕት ዙር አባ እያለ መምህር ፍለጋ እንደሚዞር ሁሉ ባኽም ዞሯል። ገና በሉነቡርግ ሳለ ራይንከንን ለመስማት ሐምቡርግ ይሄድ ነበር። በ18 ዓመቱ አርንሽታት ውስጥ አዲስ ኦርጋን ያለበት ቤተ ክርስቲያን ቀጠረው። ሌላው ቢሆን ተምሬ ጨርሻለሁ ይል ነበር። እሱ ግን በ1705 መገባደጃ የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ቡክስተሁዴን ለመስማት 400 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጉዞ ሉቤክ ገባ። ቡክስተሁዴ ሰባ ሊሞላው የተቃረበ ሽማግሌ ነበር፤ በ1707 አረፈ። ባኽ «ለከርሞ ይድረስ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ላያገኘው ይችል ነበር።

የተመለሰው በ1706 መጀመሪያ ነው። አለቆቹ የት ጠፋህ ሲሉት፣ ስለ ሙያው አንዳንድ ነገር ለመማር ሉቤክ መሄዱን ነገራቸው። የተፈቀደለትን ጊዜ አራት እጥፍ ማሳለፉን እኔም አልደግፍለትም፤ ሰው መተካቱ መልካም ቢሆንም፣ ምእመናን የሚጠብቁት ተጫዋች ቃሉን ማክበር አለበት። መዝሙሩን በእንግዳ ድምፆች እያወሳሰበ ሕዝቡን ግራ አጋባ ተብሎም ተከሷል። ይህን ክስ አትናቁት። ሕዝቡ የመጣው ሊዘምር ነው። አዲስ የተማራችሁትን ከመዝሙሩ በፊት ወይም በኋላ ተጫወቱት፤ በመዝሙሩ መካከል ግን ሕዝቡን ደግፉ።

አሁን የቡክስተሁዴን ፓሳካሊያ በዲ ማይነር አዳምጡ። ታች በእግር በሚጫወቱት ፔዳል ያለው አጭር ዜማ 28 ጊዜ ይመላለሳል፤ ከላዩ ያለው ግን በየጊዜው ይለወጣል። ይህ ሥራ ለዛሬ የበቃው ያ ደብተር የነጠቀ ወንድም ገልብጦ ስላቆየው ነው። ከዚያ የባኽን ፓሳካሊያ በሲ ማይነር አስከትሉ፤ ከሽማግሌው ምን እንደወሰደ፣ ከራሱ ምን እንደጨመረ ትሰማላችሁ። ከሁለቱ የመረጣችሁትን የመጀመሪያ ገጽ በእርሳስ ገልብጣችሁ አምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።