ባሌ በኬላው ያልፋል፣ እኔ እቀራለሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከሰሜን ቆጵሮስ ነው። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል፣ ከኢስታንቡል ኤርጃን ኤርፖርት፣ በተማሪ ፈቃድ ነው የመጣሁት። ትምህርቱን ሳልጨርስ የዚሁ አገር ሰው፣ ቱርክ ቆጵሮሳዊ አገባሁ። የተጋባነው ሰሜን ባለው ማዘጋጃ ቤት ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ የደቡቡ መንግሥት መታወቂያና ፓስፖርት ስላለው በየቀኑ ተሻግሮ ይሠራል። ባለፈው ለልጁ ጫማ ልንገዛ አብረን ወደ ሌድራ ጎዳና ኬላ ሄድን። እሱ መታወቂያውን አሳይቶ አለፈ። የእኔን ፓስፖርት ግን ፖሊሱ ገልጦ ገልጦ አየና «ቪዛ የለም» ብሎ መለሰልኝ። ልጁም ወረቀት የለውም ተብሎ ከእኔ ጋር ቀረ። ሚስቱ ሆኜ እንዴት አላልፍም? አንድ ደላላ ደግሞ በሌሊት በእርሻው በኩል አሻግርሻለሁ እያለኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጋሼ ብለሽኛልና እኔም አንቺ ልበልሽ፤ እንደ ታናሽ እህቴ ሳስረዳሽ ይቀለኛል።

ከደላላው እንጀምር። አይሆንም። ስንት እንደጠየቀሽ አልነገርሽኝም፤ በነፃም ቢሆን አይሆንም። በሁለቱ ወገን መካከል ያለው መሬት የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች የሚጠብቁት ቀጠና ነው። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መሻገር የሚቻለው በታወቁት ዘጠኝ ኬላዎች ብቻ ነው። በ2024 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) ስደተኞች እዚያ ውስጥ ገብተው፣ ሰሜኑም ደቡቡም አልቀበልም ብሏቸው ለወራት በድንኳን ከርመዋል። ያውም በቆጵሮስ በጋ። ልጅ ታቅፈሽ እዚያ ስትገቢ አይታየኝም። ደግሞም ዛሬ ያለብሽ ችግር የወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ይስተካከላል። በሌሊት ተሻግረሽ ከተያዝሽ ግን እስርና ከአገር መባረር ይመጣል። ያንን ከመዝገብ ላይ ማስፋቅ ለየትኛውም ጠበቃ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ሚስቱ ሆኜ እንዴት አላልፍም?»

አንቺ ያየሽው ኬላ በሕግ ዓይን የአገር ድንበር አይደለም። ቱርክ በ1974 ጦር ካስገባች ወዲህ ደሴቲቱ ተከፍላለች። ሰሜኑ በ1983 ራሱን የቻለ መንግሥት ነኝ ሲል፣ የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 541 አዋጁ ሕጋዊ ዋጋ የለውም አለ። እስካሁን እውቅና የሰጠችው ቱርክ ብቻ ናት። በሜይ 1 ቀን 2004 ወደ አውሮፓ ኅብረት የገባችው መላዋ ደሴት ነች፤ የኅብረቱ ሕግ ግን ሰሜን ላይ ታግዷል። ስለዚህ አንቺ በወረቀት አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ነው የምትኖሪው፤ ሕጉ ግን ቤትሽ ድረስ አይመጣም። ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። እኔንም መጀመሪያ ሳነበው ግራ አጋብቶኛል።

የኬላውን ማለፍ የሚገዛው የኅብረቱ ደንብ ቁጥር 866/2004 ነው። ባልሽ የቆጵሮስ ሪፐብሊክ፣ ማለትም የደቡቡ መንግሥት፣ ዜጋ ስለሆነ ያልፋል። የኅብረቱ ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ከደቡቡ መንግሥት የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለዚያም ፓስፖርት፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ከሆነም ቪዛ ጭምር መያዝ አለበት። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል። የሰሜኑ የመኖሪያ ፈቃድሽ እዚያ መስኮት ላይ ምንም ዋጋ የለውም። ፖሊሱ ክፉ ሆኖ አይደለም።

«የአውሮፓ ዜጋ ሚስት እኮ ነኝ» እንደምትይ አውቃለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአውሮፓ ዜጎች ቤተሰብ ሰፊ መብት የሚሰጠው መመሪያ 2004/38 የሚሠራው ዜጋው ከራሱ አገር ውጭ በሌላ የኅብረቱ አገር ሲኖር ነው። ባልሽ ግሪካዊ ሆኖ ደቡብ ቆጵሮስ ቢኖር ኖሮ መመሪያው ለአንቺም ይደርስ ነበር። ቆጵሮሳዊ ሆኖ በገዛ አገሩ በመኖሩ ግን የአንቺ ጉዳይ የሚታየው በአገሩ የውጭ ዜጎች ሕግ ነው።

ሁለተኛው ችግር የገባሽበት በር ነው። የቆጵሮስ ሪፐብሊክ ኤርጃንን እንደ ሕጋዊ መግቢያ አይቆጥረውም። ለእነሱ አውሮፕላን ማረፊያ ማለት ላርናካና ጳፎስ ነው። ስለዚህ ኢስታንቡል ላይ ተሳፍረሽ በሰላም የወረድሽበት ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ያለ ፈቃድ አገር ውስጥ የገባሽበት ቀን ነው። ማንም አልነገረሽም ይሆናል። ተማሪ የሚመለምሉት ሰዎች ይህን አይናገሩም።

ይህ ነገር እስከ ልጅሽ ይደርሳል። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ። በቆጵሮስ የሲቪል መዝገብ ሕግ (141 የ2002) አንቀጽ 109 መሠረት ከቆጵሮሳዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ልጅ ዜጋ ነው። ነገር ግን ከወላጆቹ አንዱ ወደ አገሪቱ የገባው ወይም የኖረው በሕገ ወጥ መንገድ ከሆነ፣ ልጁ ዜግነት የሚያገኘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲፈቅድ ብቻ ነው። ሐረጉ በብዛት የሚነካው አንድ ወላጃቸው ከቱርክ የመጣባቸውን ልጆች ነው። ቃሉ ግን «ወላጅ» ይላል፣ ስለዚህ ለአንቺም ይሠራል። አንቺ በጋብቻ ዜግነት ብትጠይቂም ተመሳሳይ ሐረግ ይጠብቅሻል። የሦስት ዓመት ልጅ እናቱ በየትኛው ኤርፖርት ስለወረደች ዜግነት ማጣቱን እኔ ፍትሕ ነው አልልም። ምክር ቤቱ በ2007 መስፈርት አውጥቷል። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሪስቶዱሊዲስ ለቱርክ ቆጵሮሳውያን ካስታወቋቸው 14 እርምጃዎች አንዱ የእነዚህን ልጆች ማመልከቻ የሚመለከት ነበር። ስለዚህ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

በእኔ አስተያየት ትልቁ ጉዳይሽ የልጁ ፋይል ነው፤ የአንቺ መሻገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ማመልከቻውን አባቱ በራሱ ስም ኒቆስያ ደቡብ ላይ ያስገባ። ማመልከቻውን ለመቀበላቸው የሚሰጡትን ወረቀት በእጁ ይያዝ። ልጁ ዜጋ ከሆነ አንቺም ሌላ መብት ይከፈትልሻል። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት፣ ማለትም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ በ2011 በሳምብራኖ ጉዳይ፣ ልጁ በወላጁ ላይ ጥገኛ ሆኖ ወላጁ ቢከለከል ልጁም ከኅብረቱ ለመውጣት የሚገደድ ከሆነ፣ ወላጁ መኖሪያ አይከለከልም ብሏል። «አባት አለው እኮ» ይሉሻል። በ2017 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ሌላኛው ወላጅ ልጁን መያዝ መቻሉ ብቻውን እናትየዋን ለመከልከል በቂ አይደለም፣ የልጁ ትስስር መታየት አለበት ብሎ መልሷል። ስለዚህ ልጁን ለሐኪም ያደረስሽበትን፣ መዋዕለ ሕፃናት የፈረምሽበትን ወረቀት ሁሉ አትጣይ።

የጋብቻ ወረቀትሽም ጥያቄ ይነሳበታል፤ የሰሜኑ አስተዳደር የሰጠው ነውና። ባዶ ወረቀት ነው ማለት ግን አይደለም። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1971 በናሚቢያ ጉዳይ፣ እውቅና በሌለው አስተዳደር የተመዘገበ ልደት፣ ሞትና ጋብቻ ነዋሪውን በሚጎዳ መንገድ ችላ አይባልም ብሏል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም ይህንኑ ሐሳብ ለቆጵሮስ ተጠቅሞበታል። ጠበቃሽ ይህን ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። ካላወቀ ሌላ ፈልጊ።

አንቺ ራስሽ በትክክለኛው በር መግባት ከፈለግሽ መንገዱ ረጅም ነው። ቱርክ ውስጥ የቆጵሮስ ኤምባሲ የለም፣ ሁለቱ ግንኙነት የላቸውም። ስለዚህ ኢስታንቡል ላይ ቪዛ እጠይቃለሁ ብለሽ አትልፊ። ኢትዮጵያን በሚሸፍነው የቆጵሮስ ኤምባሲ በኩል ጠይቀሽ በላርናካ ትገቢያለሽ። ቅጹ ላይ ቀድሞ በኤርጃን መግባትሽን ከጠየቁሽ አትደብቂ። ፓስፖርትሽ ያወራል።

ሌላም መንገድ አለ፣ ለአንዳንድ ቤተሰብ ይሻላል። ባልሽ ግሪክ ወይም ጀርመን ሥራ ቢያገኝ ያ መመሪያ 2004/38 በሙሉ ጉልበቱ ይመጣል። ቪዛሽ ያለ ክፍያና በቶሎ መታየት አለበት፤ እዚያ ስትደርሺም እስከ አምስት ዓመት የሚሠራ የመኖሪያ ካርድ ታገኚያለሽ። ከሦስት ወር በላይ ከልብ ከኖራችሁ፣ ወደ ቆጵሮስ ስትመለሱም መብቱ ይከተላችኋል፤ የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት ይህን በ2014 ግልጽ አድርጎታል። አየሽ፣ በእግር ከሚደረስበት የጫማ ሱቅ ይልቅ አቴና ሊቀርብሽ ነው።

ስለ ልጁ ኢትዮጵያዊነት አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልንገርሽ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6ና በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የትም ቢወለድ። አንካራ ያለውን ኤምባሲያችንን ጠይቂ፤ ልጁ የሚጓዝበት ሰነድ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው ከዚያ ይሆናል። አገራችን ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመርጣል። አሥራ ምናምን ዓመት አለሽ።

የሰሜኑን የመኖሪያ ፈቃድሽን ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ አሳድሺ። የደላላውን ስልክ አጥፊው። ጫማውን ለጊዜው አባትየው ብቻውን ይግዛ፤ የልጁን እግር በወረቀት ለክተሽ ስጪው።