የአሜሪካ ምክር ቤት አባልን ረዳት ወደ አዲስ አበባ ስትጋብዙ ከፋዩ ማን ተብሎ ይጻፋል?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። የአንድ የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባልን ረዳት አዲስ አበባ ለሚካሄድ የጤና ጉባኤ ልንጋብዝ ነው። ትኬቱን ማኅበሩ ይገዛል። ሆቴሉን አንድ ነጋዴ ስሙ ሳይጠራ ሊሸፍን ቃል ገብቷል፤ መኪና ደግሞ የኢትዮጵያ ኤምባሲ እናቀርባለን ብሏል። ምን ወረቀት ያስፈልገናል? የማኅበሩ ስምስ ይፋ ይወጣል?

መልስ፦ አዎ፣ ይወጣል። የማኅበሩና የተጓዡ ስም፣ የሄደበት ቦታ፣ ለትኬት፣ ለሆቴልና ለምግብ የወጣው ዶላር ሁሉ በምክር ቤቱ ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ይገባል፤ ማንም ሰው በነጻ ከፍቶ ያነበዋል። በዚህ አትስጉ። እኔን ያሳሰበኝ ስሙ እንዳይጠራ የጠየቀው ነጋዴ ነው።

ማኅበሩ የሚፈርመው የስፖንሰር ፎርም፣ ለዚህ ጉዞ ተብሎ ከሌላ ወገን የመጣ ገንዘብ ወይም አገልግሎት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ነጋዴው ብሩን በማኅበሩ ሒሳብ ቢያስገባና ሆቴሉን እናንተ ብትከፍሉም ለውጥ የለውም። ለዚሁ ጉዞ ብሎ እስከሰጠ ድረስ ከፋዩ እሱ ነው። ስለዚህ ወይ በስሙ የተጨማሪ ስፖንሰር ፎርም ይሙላ፣ ወይ ማኅበሩ ከራሱ ካዝና ይክፈል። አውቆ በፎርሙ ላይ ሐሰት መጻፍ በፌዴራል ወንጀል ሕግ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ይህ ደርሶ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር የምክር ቤት አባላትና 32 ረዳቶች ለጉባኤ ወደ አዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ ተጉዘው ነበር። ስፖንሰር ተብለው የተመዘገቡት እንደ እናንተ ለትርፍ ያልቆሙ የአሜሪካ ማኅበራት ናቸው። በኋላ ሲጣራ ገንዘቡ የመጣው ከአዘርባጃን መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። የገንዘቡን ምንጭ ደብቆ ፎርም ያስገባው የማኅበር ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኝነቱን አምኗል።

የኤምባሲው መኪናም ከዚሁ ጋር ይታያል። የውጭ መንግሥት ስጦታ ስለሆነ የሚዳኘው በሌላ ሕግ ነው፤ ረዳቱ የምክር ቤቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ሳይጠይቅ እንዳይቀበል ንገሩት። ከዚያ ይልቅ መኪና ተከራይታችሁ በወጪያችሁ ብታስመዘግቡ እመርጣለሁ። ጉዞውን የምታዘጋጁት በኤምባሲው ጥያቄ ወይም መመሪያ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ያለው፣ ለውጭ መንግሥት የሚሠሩ እንዲመዘገቡ የሚያዘው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ ሊነካችሁ ይችላልና ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

አሁን ወደ ቀኖቹ። መነሻው ሜይ 20፣ መመለሻው ሜይ 27 ነው እንበል። የስፖንሰር ፎርሙን ሞልታችሁ ከግብዣው ደብዳቤ፣ ከተጋባዦች ዝርዝርና ከፕሮግራሙ ጋር የምትሰጡት ለረዳቱ ነው እንጂ በቀጥታ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አይደለም። ረዳቱ የራሱን ፎርም ጨምሮ፣ አለቃው የምክር ቤት አባል ፈርሞለት፣ ከጉዞው 30 ቀን በፊት ማለትም እስከ ኤፕሪል 20 ለኮሚቴው ያስገባል። የኮሚቴው የፈቃድ ደብዳቤ ሳይመጣ የማይመለስ ትኬት አትቁረጡ። ከጉዞው በኋላ ማኅበሩ የወጪ ፎርሙን በ10 ቀን ለረዳቱ ይሰጣል፤ ረዳቱም በ15 ቀን፣ ማለትም እስከ ጁን 11፣ ሁሉንም ለጸሐፊው ጽሕፈት ቤት ያስገባል። ተጋባዡ የሴኔት ሠራተኛ ቢሆን ይህ የመጨረሻው ጊዜ 30 ቀን ነበር።

ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚያስነሳው ፕሮግራሙ ነው። «ከሰዓት፦ ጉብኝት» ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ሆስፒታል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር ጻፉ፤ ጉዞው ከረዳቱ ሥራ ጋር መያያዙ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ላሊበላን ማየት ከፈለገ በራሱ ወጪና ጊዜ ይሂድ። በውጭ አገር ስፖንሰር የሚከፍለው፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን ሳይቆጠር፣ ቢበዛ ለ7 ቀን ነው። ማኅበሩ ሎቢስት (ሕግ አውጪዎችን በክፍያ የሚያግባባ ሰው) ቀጥሮ ከሆነ ግን የሚፈቀደው የአንድ ቀን ዝግጅት ብቻ ስለሆነ የአዲስ አበባው ዕቅድ አይሠራም። ሎቢስት የሆነ ሰው በየትኛውም የጉዞው ክፍል አብሮ መሄድም አይችልም።

የውሎ አበል ብላችሁ በፖስታ ብር አትስጡ፤ የሚከፈለው በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ነው። ለመሸኛ የሀበሻ ልብስ ልትሸልሙት ካሰባችሁም ዋጋው ከ50 ዶላር በታች፣ ከእናንተ በዓመት የሚያገኘው ስጦታ ድምር ደግሞ ከ100 ዶላር በታች መሆን አለበት።