ማስተሪንጉን ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ያለን ባንድ ነን። 9 ዘፈን ቤት ውስጥ ቀድተን ሚክሱን (ድምፆቹን ማቀላቀሉን) ጨርሰናል። ማስተሪንጉን፣ ማለትም ከሚክስ በኋላ ያለውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ ኢንተርኔት ላይ ባለው አውቶማቲክ አገልግሎት እንሥራው ወይስ ለባለሙያ እንስጥ?

መልስ፦ ለአልበም ባለሙያ ይሻላችኋል፤ ዘፈኖቹን እርስ በርስ የሚያስማማውና በመካከላቸው ያለውን ዝምታ የሚመጥነው ሰው ነው። መሲንቆና ከበሮ አብረው ያሉበትን አንድ ዘፈን ለሙከራ ለሁለት ባለሙያ ላኩ። ሲመለስላችሁ የሁለቱንም ድምፅ እኩል አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላልና ያታልላል። መሲንቆው ጆሮ የሚወጋ፣ ከበሮው በተመታ ቁጥር ዘፋኙ ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ሊሚተሩ (የድምፁን ጫፍ የሚገድበው መሣሪያ) በዝቶበታል፤ ያንን ባለሙያ ተዉት።

የምትልኩት በ24 ቢት ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን እንጂ ኤምፒ3 አይሁን። ማስተር ቻናሉ (ሁሉም ድምፆች ተደምረው የሚወጡበት) ላይ ያለውን ሊሚተር አንሱ፣ የድምፁ ጫፍ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይቁም። ስፖቲፋይ ዘፈኑን በመደበኛው ወደ -14 ሉፍስ (የጩኸት መጠን መለኪያ) ስለሚያስተካክለው ከልክ በላይ ማስጮህ ትርፉ ድምፁን መጨፍለቅ ነው።

ከበሮው በጠባቧ ክፍል ካጉረመረመ ግን አሁኑኑ ወደ ሚክሱ ተመለሱ። ማስተሪንግ ላይ ያ ጉርምርምታ ሲቀነስ ቤዝ ጊታሩም አብሮ ይሳሳል። ዋጋ ስትነጋገሩ ስንት ጊዜ እርማት እንደሚያካትት አስቀድማችሁ ጠይቁ።