የደም ግፊት ያለበት ምእመን እንዴት ይጹም? እንዴትስ ይመገብ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ዕድሜዬ 54 ነው። የደም ግፊት እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ክብደቴም ከሚገባው በላይ ነው። ሐኪሙ ጨው እንድቀንስ፣ ክብደቴን እንዳወርድና ክኒኑን በየቀኑ ጠዋት እንድውጥ አዝዞኛል። በጾም ወራት ግን እስከ ከሰዓት በኋላ ምግብም ውኃም ስለማልቀምስ ክኒኑን ሳልውጥ የምውልበት ቀን ይበዛል። ጾሙ ክብደቴን ይቀንስልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ ስመዘን ግን ጨምሬ እገኛለሁ። አብረውኝ የሚጸልዩ እኅቶችም «እምነት ካለሽ ክኒን ምን ያደርግልሻል? ተፈውሰሻል እኮ» ይሉኛል። ክኒን መዋጥ ጾም መሻር ነው? ክብደት ለመቀነስ ብሎ መጾምስ ኃጢአት ይሆናል? ምንስ ልብላ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት አስቸኳዩን ልመልስልዎ። ለጾም ብለው መድኃኒትዎን አያቋርጡ። እስካሁን አቋርጠው ከሆነም ያለፈውን ለማካካስ ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ አይዋጡ፤ ሐኪምዎን ጠይቀው እንደ ገና ይጀምሩ። ሌላው ሁሉ ቀስ ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ይህ ግን ለነገ አይባልም።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ጉዳት የሚያደርስ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 1.4 ቢሊዮን ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉም እንዳለባቸው አያውቁም። ራስ ምታት ስለሌለ፣ ዓይን ስለማያጭበረብር «ደኅና ነኝ» ይባላል፤ በዚያው ጊዜ ግን ልብ፣ ኩላሊትና የአንጎል የደም ሥሮች እየተጎዱ ነው። ከመድኃኒቶቹም አንዳንዶቹ በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱን ከቀድሞው አስበልጠው ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሳይውጡ ቆይተው ምንም ስላልተሰማዎ ምንም አልሆነም ማለት አይደለም።

ወደ እምነቱ ጥያቄ እንምጣ። መድኃኒት መውሰድን የእምነት ማነስ የሚያደርግ ትምህርት ከመጽሐፍ ቅዱስ አልተገኘም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ሲጸልይ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማ፤ ያም ሆኖ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱም መድኃኒቱም በአንድ ምዕራፍ አብረው ተጽፈዋል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር፤ ቅዱስ ጳውሎስም «የተወደደው» እያለ ይጠራዋል እንጂ ሙያውን ተው አላለውም።

ስለ ጾምና ሕመም ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ ነው። በማዕበል የተያዘው መርከብ ላይ የነበሩት 276 ሰዎች እህል ሳይቀምሱ 14 ቀን ሆኗቸው ነበር። ጳውሎስ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል «ምግብ ብሉ፣ ይህ ለደኅንነታችሁ ነው» ብሎ መከራቸው፤ እንጀራ አንሥቶ አመሰገነና በፊታቸው በላ። ጾምን ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነበር? «በጾም ብዙ ጊዜ» ብሎ ስለ ራሱ የጻፈ ሰው ነው። ሕይወት በአደጋ ላይ በሆነ ጊዜ ግን መብላትን የምስጋና ሥራ አደረገው።

እንግዲህ ክኒን በጥቂት ውኃ መዋጥ ጾም መሻር አይደለም። ጾም ሥጋን ከፈቃዱ ለመግታት የተሠራ ነው፤ ክኒንን ተመኝቶ፣ ጣዕሙን ናፍቆ የሚውጥ የለም። እንዲህም ሆኖ ልብዎ ካልተረጋጋ ሁለት ሰዎችን ያነጋግሩ፤ አስቀድመው ሐኪምዎን፣ ከዚያ የንስሐ አባትዎን። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጡ ብዙ የግፊት መድኃኒቶች ወደ ማታ ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። መድኃኒትዎ ውኃ ከሰውነት በሽንት የሚያስወጣ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያለ ውኃ ረጅም ሰዓት መቆየት ራስ ሊያዞር፣ ሊጥል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የንስሐ አባቱ ሰዓቱን ቢያሳጥርለት ጾሙ አነሰ አይባልም። በምግብ የቀነሰውን በምጽዋት፣ በዕርቅ፣ ምላስን በመግታት ይሙላው፤ በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የተራበን ማብላትና የተጨቆነን ነጻ ማውጣት ነው ተብሏልና።

«ለክብደት ብሎ መጾም ኃጢአት ነው?» ላሉት፣ ክብደት ለመቀነስ መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል፤ እርሱን መጠበቅ መልካም ሥራ ነው። እኔ የማልወደው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። በጾም ቀን ሐሳባችን ሚዛኑ ላይ ከሆነ ጸሎቱ ይረሳል፤ ሚዛኑ ሳይቀንስ ሲቀር ደግሞ «ጾሜ ከንቱ ሆነ» ብለን እናዝናለን። አንዳንዶች «የዳንኤል ጾም» እያሉ ክብደት ለመቀነስ ይጠቀሙበታል። ታሪኩን ግን ልብ ብለው ያንብቡት፤ ዳንኤልና ጓደኞቹ ለ10 ቀን ጥራጥሬ በልተውና ውኃ ጠጥተው የተገኙት ከሌሎቹ ይልቅ ሥጋቸው ወፍሮ ነው! የዳንኤል ጉዳይ በንጉሥ ማዕድ ላለመርከስ ነበር። ጾምዎን ለእግዚአብሔር ይስጡ፤ ክብደቱን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ፣ በጾምም በፍስክም፣ በዕለት ተዕለት አመጋገብ ይያዙት።

በጾም ጊዜ ክብደትዎ የሚጨምርበት ምክንያት ምሥጢር የለውም። ከሥጋና ከወተት የተከለከለ ማዕድ ሁሉ ቀላል ማዕድ አይደለም። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ዱቄት ወይም ስኳር ግን 4 ብቻ። ዘይቱ ከአትክልት መምጣቱ ይህን አይለውጠውም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። ማጣፈጫው ሲጎድል እጃችን ወደ ዘይትና ወደ ጨው ይዘረጋል፤ ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰውም ማታ በችኮላ፣ ከልኩ አልፎ ይበላል፤ ከዚያም ይተኛል። ይህ ለክብደት ብቻ ሳይሆን ለነፍስም አይበጅም፤ አባቶች ሆዳምነት በጾም ምግብም እንደሚገባ ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል። ሲያፈጥሩ በውኃና በአትክልት ወይም በፍራፍሬ ይጀምሩ፤ ጥቂት ቆይተው ዋናውን ምግብ በትንሽ ሳህን ይብሉ፤ ዘይቱን ከጠርሙስ ከማፍሰስ ይልቅ በማንኪያ ይለኩ።

ጨው ላይ ጠበቅ ልበል፤ በደም ግፊት ላይ ያለው ጉልበት ብዙ ነውና። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውኃን በሰውነት ውስጥ ይይዛል፤ በደም ሥሮች ውስጥ የሚዘዋወረው ደም መጠኑ ሲጨምር ግፊቱም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። በዚህ ውስጥ ከድስቱ የሚገባው ብቻ ሳይሆን በዳቦ፣ በታሸገ ምግብ፣ በሾርባ ማጣፈጫ፣ በተዘጋጁ መረቆችና በጨዋማ መክሰስ ውስጥ የተደበቀው ሁሉ ይቆጠራል። የታሸገ ነገር ሲገዙ ሶዲየም የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በቀን 2000 ሚሊግራም ሶዲየም 5 ግራም ጨው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ምግቡ ጣዕም የለሽ ይሆንብዎታል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ምላስ ይለምዳል። በጨው ፋንታ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመማ ቅመም ይረዳሉ፤ ቅመሙ ራሱ ጨው ያልተቀላቀለበት መሆኑን ግን ያረጋግጡ። «የጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡትን ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይግዙ። ብዙዎቹ ከፖታሲየም የተሠሩ ናቸው፤ የኩላሊት ችግር ላለበት ወይም አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምን ልብላ ላሉት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ጨው የሌለበት ለውዝ የማዕድዎ አብዛኛው ክፍል ይሁን። ዳሽ በመባል የሚታወቀው አመጋገብ፣ በእነዚህ ላይ ቅባቱ የተቀነሰ ወተት ጨምሮ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተፈትኗል። የደም ግፊት ባለባቸው ተሳታፊዎች ላይ የላይኛውን ቁጥር በአማካይ ወደ 11 ነጥብ ቀንሶታል፤ በጥናቱ ወቅት የሰዎቹም ክብደት፣ የጨውም መጠን አልተቀነሰም ነበር። ወተቱ ሳይጨመር አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ የበዛላቸውም ግፊታቸው ወርዷል፤ መጠኑ ግን አነስ ያለ ነበር። ስለዚህ በጾም ቀን ወተት መከልከል አመጋገብዎን አያበላሽብዎትም።

ክብደቱ ሲቀንስ ደግሞ የራሱን ይጨምራል፤ በግምት በአንድ ኪሎ አንድ ነጥብ ያህል የላይኛው ቁጥር ይወርዳል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንሱ በቂ ነው፤ በአንድ ወር ሌላ ሰው ለመሆን አይቸኩሉ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይራመዱ፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ከፋፍለው።

ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል። ይህን ጥቅስ ለመጠጥ ፈቃድ አድርገው የሚያነቡ አሉ። የደም ግፊት ላለበት ሰው ምክሩ በተቃራኒው ይሠራል፤ የአልኮል መጠጥ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ክብደትም ይጨምራል። ከጥቅሱ መያዝ ያለብን ሐዋርያው ውኃ ብቻ እየጠጣ ራሱን ይከለክል ለነበረው ልጁ ሕመሙን አይቶ ልማዱን ማሻሻሉን ነው።

በመጨረሻ «ተፈውሰሻል» ስለሚሉዎ እኅቶች። እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ አምናለሁ፣ እኔም ለእርስዎ እጸልያለሁ። ነገር ግን ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሲፈውስ «ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ብሏቸዋል። በኦሪት ሕግ ለምጹ መንጻቱን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበረና ፈውሱ ከምርመራ አልሸሸም። እርስዎም ተፈውሻለሁ ብለው ካመኑ መድኃኒቱን ሳይተዉ ይሂዱና ራስዎን ለሐኪሙ ያሳዩ። በቤትዎም ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ከመለካትዎ በፊት ለአምስት ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል አሳርፈው፣ ሳያወሩ ይቀመጡ፤ ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትም ቡና አይጠጡ። ቁጥሮቹን ከነቀናቸው ጽፈው ይውሰዱለት። ግፊትዎ ለብዙ ሳምንታት ወርዶ ከቆየ የክኒኑን መጠን የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው እርሱ ነው።