ከማስታወቂያ ቤት ወደ ኤንጂኦ ለምትሄደው ወንድማችን

ጥያቄህን አየሁት። ማስታወቂያ ቤት ዲዛይነር ሆነህ ቆይተህ፣ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ያለ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የፈጠራ ቡድኑን እንድትመራለት ጠርቶሃል፤ «ሥራው ያው ነው ወይስ ይለያል?» ነው የምትለው። እኔ በዚህ ሥራ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ይለያል። ማስታወቂያ ላይ አለቃህ ከፋዩ ነው፣ አለቀ። እዚህ ግን ገንዘብ የሚሰጠው ረጂ አለ፣ ድርጅቱ አለ፣ መልእክቱ የሚደርሰው ነዋሪ አለ፣ ፎቶው ላይ የሚታየው ሰውም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ፤ የኋለኞቹን ማንም አይጠራቸውም። የቡድን መሪ ዋና ሥራው ላልተጠሩት መናገር ነው ባይ ነኝ።

ለምሳሌ የወንዝ ብክለት ዘመቻ ስንሠራ አንዷ ዲዛይነራችን ጥሩ ሐሳብ አመጣች። የቀበና ቆሻሻ ወርዶ አቃቂ ይገባል፤ በአቃቂ ውሃ ደግሞ ለከተማችን ገበያ የሚቀርብ ሰላጣና ጎመን ይለማል። እና ፖስተሩ ላይ በሳህን የቀረበ ሰላጣ፣ ከሥሩ የወንዙ ጥቁር ውሃ። ማስታወቂያ ቤት ቢሆን በዚያው ቀን ይጸድቅ ነበር። ግን ሰው ፖስተሩን አይቶ ሰላጣ መግዛት ቢያቆም ማን ነው የሚከስረው? ውሃውን ያልበከለው ገበሬ። ሳህኑን ትተን ከግቢ ወደ ወንዝ የተለቀቀውን የመጸዳጃ ቤት ቱቦ አሳየን። ያን ያህል አያስደነግጥም፣ እውነት ነው። ጣቱን የቀሰረው ግን በሚገባው ሰው ላይ ነበር።

ፎቶም እንዲሁ ነው። ስለ ደረቅ ቆሻሻ ስትሠራ በ2009 ቆሼ ላይ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበትን አደጋ ፎቶ «ልብ ይነካል፣ አስገባው» የሚልህ አይጠፋም። የሟቾቹ ቤተሰቦች እዚሁ ከተማ ከእኛ ጋር ታክሲ ይሳፈራሉ። እኔ አላስገባም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ ዲዛይነር የሚሸሸው ይህን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ዲዛይንና ኅትመት እንደ ቢሮ ወጪ ከተመዘገቡ፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ባይጠሩህም ሂድና ተቀመጥ፤ ዘመቻው የፕሮጀክቱ ተግባር ሆኖ በራሱ የበጀት መስመር ይግባ። የሦስት ፕሮፎርማ ነገርም አለ፤ ከማሳተምህ በፊት ከሦስት ማተሚያ ቤቶች የዋጋ ማቅረቢያ ትሰበስባለህ። የምታሳትመውን ዕቃ ዝርዝር ላላ አድርገህ ከጻፍከው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፍና በስስ ወረቀት፣ ቀለሙ በሸሸ ኅትመት ትቀራለህ። የወረቀቱን ግራም ሳይቀር ጻፍ።

ዕቃው ደግሞ መልእክቱን እንዳያሳጣው። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ «ፌስታል ይብቃ» የሚል ባነር ማሳተም የተለመደ ነው። ባነሩ ራሱ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው እኮ! አንድ ከሰዓት ተሰቅሎ ማን እንደሚወስደው አይታወቅም። እኛ አቡጀዲ ላይ በስክሪን ማሳተም ጀመርን፣ ቀንና ዓመተ ምህረትም አንጽፍበትም፤ ታጥፎ ይቀመጥና ለሚቀጥለው ዝግጅት ይወጣል። ሁሉ ቦታ አይሆንም፤ ክረምት ላይ ውጭ ከሰቀልከው ዝናቡ ያበላሸዋል።

ሎጎን በተመለከተ አጭር ልመና አለኝ፦ ቅጠል የያዙ ሁለት እጆች ይብቁን። አፋን ኦሮሞም የሚገባበት ሥራ ከሆነ ቦታውን ከመጀመሪያው መድብ፤ ቃላቱ ይረዝማሉ፣ መጨረሻ ላይ ሲጠቀጠቁ ያስታውቃል።

ከመፈረምህ በፊት ደግሞ ከደመወዙ ቀጥሎ ይህን ጠይቅ፦ ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት የመጨረሻው ፊርማ የማን ነው? አንድ ሰው ከጠሩልህ ግባ። «ሁላችንም እናየዋለን» ካሉህ ግን መጀመሪያ እሱን በጽሑፍ አስወስን።